ባለቤት ያጣው ሶፋ

ዋና ኢንስፔክተር ሠረቀብርሃን በሥራ ዘመኑ ብዙ ሌባ ይዟል፤ የተሰረቀ ሰው ሮሮም ብዙ ሰምቷል። ተሰርቆ «አልተሰረቅሁም» ብሎ ከፖሊስ ጋር የሚሟገት ሰው ግን ያን ሰኞ ጠዋት፣ ከፈረንሳይ ጉራራ በላይ ባለው የእድር ዕቃ ቤት ደጃፍ ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው።

የበሩ ጓጉንቸር በብረት መቁረጫ ተበጥሶ መሬት ላይ ወድቋል። የጭነት መኪና ጎማ በሩ ድረስ መጥቶ ጭቃውን አርሶታል። ሲዘዋወሩ ያደሩ ፖሊሶች ንጋት ላይ በሸራ የተሸፈነ የቤት ዕቃ የጫነ አይሱዙ ቁልቁለቱን ሲወርድ አይተው፣ ቤት የሚለቅ ሰው ነው ብለው አሳልፈውታል። የደነገጡት ጥቂት ቆይቶ የእድሩ ጥሩምባ ከላይ ሲጮህ ነው። የነፋው ዘበኛው ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ከበበ፣ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ ሰው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበው «ምንም የጎደለ ነገር የለም» ይላሉ።

ድንኳኑ አለ። ብረት ድስቱ አለ። አግዳሚ ወንበሮቹም አሉ።

«እንግዲያው ሌባው ምን ሊሠራ ገባ?» አለ ሠረቀብርሃን።

«እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ እንጂ፤ ፖሊሶቹ እናንተ።»

ረዳቱ ሳጅን ሰላማዊት ወለሉ መካከል ቁጢጥ ብላ ጠራችው። የእድሩ ዕቃ ሁሉ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ተጠጋግቷል፤ መካከሉ ሰፊ ባዶ ቦታ ነው። ባዶው ቦታ ላይ የከባድ ዕቃ እግር ያረፈበት ምልክት እዚህም እዚያም ይታያል። በአንዱ ጥግ ደግሞ ውኃ ተንጣሏል። ሰላማዊት ጣቷን ነክራ አሸተተችና ለአለቃዋ ዘረጋችለት። ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

ሠረቀብርሃን ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ። «አቶ ከበበ፣ የእናንተ ድንኳን ቅቤ ያልበዋል?»

አቶ ከበበ ስለ ባለፈው ዓመት ተዝካር አንድ ረጅም ታሪክ ጀመሩ። ከኋላቸው የቆሙት የሰፈሩ ሰዎች ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ታሪኩን አጸደቁላቸው። ፊታቸውን ላየ ግን ሬሳ ከቤቱ የወጣበት እንጂ ምንም ያልጠፋበት ሰው አይመስሉም።

*

ዘበኛው ጅሬኛ ይባላሉ። ድሮ በዚያው ተራራ ገብስ ያርሱ ነበር። እርሻው መንደር ሲሆን ለእድሩ ዘበኛም ጥሩምባ ነፊም ሆነው ተቀጠሩ። ጣቢያ ሲቀርቡ ጥሩምባቸውን በጉያቸው እንደያዙ ነበር፤ ተረኛው ፖሊስ አስረክቡ ቢላቸው «የእድሩ ነው» ብለው እምቢ ስላሉ ይዘውት ገቡ።

ሌሊት ስልካቸው ጮኸ። የማያውቁት ወንድ ልቅሶ በተናነቀው ድምፅ «ወይዘሮ አምለሰት አርፈዋል፤ ከወንዙ ማዶ ነን፤ እድር ይወቅልን» አላቸው። በእነሱ ወግ ደግሞ ጥሩምባ ነፊ የሐዘኑን ቤት በዓይኑ ሳያይ አይነፋም፤ ሐሰተኛ መርዶ ከተነፋ ሰፈሩ ሁሉ ይረገማል ይባላል። ስለዚህ ዕቃ ቤቱን ቆልፈው ወንዙን ተሻገሩ። በር እያንኳኩ የወይዘሮ አምለሰትን ቤት ቢጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። ሲመለሱ ጓጉንቸሩ ተቆርጧል።

«የጠፋ ነገር አለ?» አለ ሠረቀብርሃን።

«አለ።»

እስክሪብቶውን አነሣ። በመጨረሻ አንድ እውነተኛ ሰው ተገኘ ብሎ ደስ ሊለው ነበር። «ምን ጠፋ?»

«እሱን መናገር የኔ አይደለም፣ ልጄ። አደራ ነው። ያስቀመጠው ሰው ይናገር።»

«ማን ነው ያስቀመጠው?»

«እሱም አደራ ነው።»

ሠረቀብርሃን እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ። በትዕግሥት አስረዳቸው፤ የጣቢያው አዛዥ ኮማንደሩ በዚህ ጉዳይ ላይ ቸኩለዋል፣ አንድ ዘበኛ ከቦታው ጠፍቶ፣ ያልሞተ ሰው ሞተ ብሎ፣ የጠፋውን ዕቃ አውቃለሁ ግን አልናገርም ካለ ከሌባው ጋር ተመሳጥሯል ማለት ነው፣ እስር ቤት ይከርማሉ አላቸው። ጅሬኛ በጥሞና አዳመጡ። ሲጨርስም እውነቱን ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም ጥሩምባቸውን ጉያቸው ውስጥ አመቻቹ።

ኮሪደሩ ላይ ምሳ ዕቃ የያዘች ልጅ ቆማ አገኘ። የጅሬኛ ልጅ ለሊሴ ነበረች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ከእንጦጦ ማርያም በታች ባለችው ጎጆ ከአባቷ ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ነጥብ አልፋለች። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አገር ደርሷት ነበር። ወጪ መጋራት የሚሉት አለ፣ ትምህርቱንም ምግቡንም ሸፍኖ ተመርቀሽ ሥራ ስትይዥ ክፈይ ይላል፤ አባቷን በዚህ ዕድሜ ብቻቸውን ጥላ መሄድ ግን አልሆነላትም። እዚሁ ከተማ ነርስነት እንድትማር ሙሉ ወጪዋን የሚችልላት አንድ ድርጅት ብቻ አገኘች፤ ጥድ ጥላ የትምህርት መደገፊያ ማኅበር ይባላል። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የሰፈሩን አመልካቾች ቤት ለቤት እየዞሩ እያዩ ነው። እሷ ጋ ሊመጡ ሲሉ አባቷ መታሰራቸውን ሰሙ።

«ወላጁ በስርቆት የታሰረ ልጅ አንወስድም አሉኝ» አለች። «ዓርብ ስሞቹ ይለጠፋሉ። አባቴ እስከዚያ ነፃ ካልወጣ ሌላ ሰው ይተካሉ።»

«እንግዲያው ግቢና እንዲናገሩ ለምኛቸው።»

«ለመንኳቸው» አለች ለሊሴ ምሳ ዕቃውን እያስተካከለች። «‹አንቺ ሰው ልታክሚ ነው የምትማሪው፤ የሰው ገመና መጠበቅ ከዛሬ ልመጂ› አሉኝ።»

ሠረቀብርሃን ግንባሩን አሸ። ከሐቀኛ ሰው ይልቅ ውሸታም ለፖሊስ ይቀላል፤ ውሸታሙ ቢያንስ ያወራል።

*

የተደወለበት ስልክ ቁጥር ዙሌካ በምትባል የሾላ ገበያ ሽንኩርት ነጋዴ ስም የወጣ ሆኖ ተገኘ። ሠረቀብርሃንና ሰላማዊት በሽንኩርት ጆንያ መካከል እየተሹለከለኩ፣ በጋሪ እየተገፉ፣ ግማሽ ቀን ሲፈልጓት ዋሉ። ሲያገኟት ሴትዮዋ አቅፋ ልትስማቸው ደረሰች። ስልኬን ታክሲ ውስጥ ከሰረቁኝ ቆየ፣ ጣቢያ አመልክቼ ነበር፣ በመጨረሻ አገኛችሁልኝ ማለት ነው ብላ እጇን ዘረጋች። እንዳላገኙት ሲነግሯት ሌሎቹን ነጋዴዎች ጠርታ፣ ፖሊስ የተሰረቀ ሰው ዘንድ መጥቶ ሌባውን እንደሚጠይቅ አስመሰከረች። ሳቁ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ሸኛቸው።

«ወደ ላይ እንመለስ» አለ ሠረቀብርሃን። «ከዚያ ዕቃ ቤት የወጣው ዕቃ የአንድ ሰው ቤት ዕቃ ነው። ቤቱን እንፈልግ።»

መጀመሪያ የገቡት አቶ ከበበ ዘንድ ነው። ሊቀ መንበሩ ሳሎን ውስጥ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አለች፤ እሷን ለኢንስፔክተሩ ለቀው እሳቸው መስኮት ደፍ ላይ ተደገፉ። ግድግዳው ላይ የቴሌቪዥን መስቀያ ብረት አለ። ከመስቀያው ዙሪያ ቀለሙ ደብዝዟል፤ መካከሉ እንደ አዲስ ያበራል። የፕላስቲክ ምንጣፉ ላይ የሶፋ እግሮች የሰረጎዱት ጉድጓድ ጉድጓድ ይታያል።

«ቴሌቪዥንዎ የት ሄደ?»

«እኔ ቴሌቪዥን አልወድም።»

«መስቀያውን ነው የሚወዱት?»

ቀጥሎ ባለው ቤትም እንዲሁ ሆነ። በሚቀጥለውም። አንዷ ሴትዮ መስቀያው ላይ የሥላሴን ሥዕል አንጠልጥላ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ግን ከሥዕሉ ስር ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

«በዚህ ሰፈር የቴሌቪዥን መስቀያ እንጂ ቴሌቪዥን የለም» አለች ሰላማዊት ዳገቱን እየወጡ።

በዚህ መካከል የሠረቀብርሃን ባለቤት ደወለች። ልጃቸው ሥርጉት ዘንድሮ ኮሌጅ ትገባለች፤ ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ሌላ ወሬ የለም። ሚስቱ ሁሉንም አጥንታዋለች፤ የግል ኮሌጁ ግማሽ ነፃ ዕድል ይሰጣል ግን ውጤት ይጠይቃል፤ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ያበድራል ግን ዋስ ይፈልጋል፤ በግል ከፍሎ መማሩ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሳትነግረው ለአንድ መደገፊያ ማኅበር አመልክታለች፤ ጥድ ጥላ ይባላል አለችው።

«አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አላት።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ቤት አይተው ነው የሚወስኑት አሉኝ። ሶፋውንና ቴሌቪዥኑን ለጊዜው እህቴ ቤት ባስቀምጠው ምን ይመስልሃል?»

ሠረቀብርሃን ዳገቱ መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎንዋ ላይ እንጨት የተጫነች አህያ እስክትገፋው ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

*

ወይዘሮ የሺመቤት በሾላ ገበያ ቅቤና ቅመም ትሸጣለች። ባሏ ሞቶ ቢንያም የሚባለውን ልጇን ብቻዋን አሳድጋለች። ሠረቀብርሃን ባዶ ሳሎኗ ውስጥ ቆሞ፣ ሳይቀመጥ፣ ነገሩን እሱው ነገራት። ጥድ ጥላ ቤት ሊያይ መሆኑን ሰምታችሁ ዕቃችሁን እድር ዕቃ ቤት ደበቃችሁ፤ ሌባ መጥቶ ጭኖት ሄደ፤ ተሰረቅን ካላችሁ ዕቃ እንደነበራችሁ ይታወቃል፤ ስለዚህ ዝም አላችሁ፤ ሽማግሌው በእናንተ ፋንታ ታሰሩ።

የሺመቤት ነጠላዋን ጎተተች። «ፍሪጅ ስላለኝ ሀብታም ሆንሁ ማለት ነው?»

«ማን አለ?»

«እነሱ ናቸዋ። ፍሪጅ ያለው አይረዳም ይላሉ። በዕቁብ የገዛሁት ነው፤ ቅቤው እንዳይበላሽብኝ። ልጄ ፍሪጁን ዘርዝሮ ይማርበት?»

«ቀኑን ማን ነገራችሁ? ጉብኝቱ ድንገተኛ ነው ይባላል።»

ስሙን ብናገር የልጄ ነገር ያኔውኑ ያከትማል አለች፤ የጠፋው ፍሪጅ ጠፋ፣ ልጄን ግን አልጨምርበትም።

ጥጉ ላይ ቆብ የደፉ አንዲት መነኩሲት መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። የየሺመቤት እናት ነበሩ። ሠረቀብርሃን ለመሰናበት እጅ ነሥቶ ስማቸውን ጠየቀ።

«ወለተ ሥላሴ።»

«የዓለም ስምዎስ?»

«ኧረ እሱን ማን ያስታውሰዋል። አምለሰት ነበር። ከመነኮስሁ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ እማሆይ ነው የሚለኝ።»

ሠረቀብርሃን ሰላማዊትን አየ። «እሑድ ሌሊት ሞተዋል ተብሎ ለዘበኛው ተደውሎ ነበር፣ እማሆይ።»

አሮጊቷ መቁጠሪያውን አቆሙ። «እኔ? ታዲያ ማን አለቀሰ?»

የሺመቤት ግን አልሳቀችም። ጅሬኛ የፈለጉት የእናቴን ቤት ነው እንዴ ብላ ደነገጠች። በአንድ እድር የኖሩ፣ በየቀኑ «እማሆይ እንደምን አደሩ» የሚሉ ሰው፣ አምለሰት ማን እንደሆኑ አያውቁም፤ አቶ ከበበም አያውቁም። ያ ስም የተረፈው የእማሆይ መታወቂያ ላይ ብቻ ነው።

«መታወቂያቸውን ለማን ሰጥተሽ ነበር?» አላት፤ ከድንጋጤው የተነሣ አንቺ ማለቱንም ልብ አላለም።

«አብረውን የሚኖሩትን ሰዎች ሁሉ መታወቂያ አምጡ ብለውን ነበር» አለች። እነማን እንደሆኑ አልጨመረችም።

*

የጥድ ጥላ ቢሮ መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ጵርስቅላ ቀጥ ያለች፣ ጠረጴዛዋ ላይ አቧራ የማይቀመጥ ሴት ናት። በማኅበሯ ትኮራለች። በተለይ በድንገተኛው ጉብኝት ትኮራለች፤ ሰው ተዘጋጅቶ እንዳይጠብቅ ቀኑን የምናውቀው እኔና የመስክ ሠራተኛችን በርናባስ ብቻ ነን አለች።

«የጉራራውን ሰፈር እንዴት አገኛችሁት?»

«እጅግ ድሃ ሰፈር» አለች ጵርስቅላ በሐዘን። «መቀመጫ እንኳ የላቸውም።»

ሠረቀብርሃን ሳል ያዘው።

በርናባስ ተጠርቶ ገባ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፈገግታው የማይነጥፍ ወጣት ነው። እሑድ ሌሊቱን የት እንዳደረ ሲጠየቅ አልተቆጣም። አያት ኮንዶሚኒየም ቤቴ ተኝቼ ነበር፣ ጎረቤቶቼን መጠየቅ ይቻላል አለ። ስለ ሰፈሩ ሰዎች ሲጠየቅም ሁሉንም እንደሚያውቃቸው ተናገረ።

«እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉትንስ?»

በርናባስ አሰበ። «እንደዚህ የሚባል ሰው እዚያ የለም።»

«ወይዘሮ አምለሰትስ?»

«እሳቸውንማ። የየሺመቤት እናት። የቢንያም አያት።»

ሠረቀብርሃን አመስግኖ ተነሣ። በርናባስ እስከ ደረጃው ሊሸኘው ወጣ። ደረጃው ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሥርጉትን ማመልከቻ እንዳየው ነገረው። ጎበዝ ልጅ ናት አለ። የፖሊስ ደመወዝም የታወቀ ነው።

«ችግሩ» አለ በርናባስ፣ «ኮሚቴው ቤቱ ባልተዘጋጀበት ቀን ከመጣ ነው። ቀኑን አስቀድሞ የሚነግር ወዳጅ ያስፈልጋል።»

«እንዲህ ያለ ወዳጅ ከየት ይገኛል?»

«አንዳንዴ ደረጃ ላይ ይገኛል፣ ጌታዬ።»

ሠረቀብርሃን ወርዶ ሰላማዊት የምትጠብቅበት መኪና ውስጥ ገባ። ጥቂት እንደሄዱ ልጄ በዚህ ማኅበር በኩል አትማርም አለ። ሰላማዊት ምን እንደተፈጠረ አልገባትም፤ አልጠየቀችም። ወዴት ልንዳ ብቻ አለች።

«አያት።»

*

አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የማይቻል አንድ ነገር አለ፤ ዕቃ በድብቅ ማስገባት። በየብሎኩ መግቢያ የተደራጁ አውራጆች ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አንዲት ፍራሽ ይዞ የመጣን ሰው እንኳ ከበው ዋጋ ይቆርጡለታል፤ ራሴ አወርዳለሁ ያለ ተከራይ ፍራሹን ይዞ ዝናብ ላይ ይቆማል። የዚህ ነገር አቤቱታ በየጣቢያው ይጎርፋል፤ ሠረቀብርሃንም ራሱ ቤት የቀየረ ጊዜ ተጨቃጭቆ ተሸንፏል።

የአውራጆቹ አለቃ ጫት የወጠረውን ጉንጩን እያሻሸ ሰማው።

«ሰኞ ንጋት ላይ ሶፋ የጫነ አይሱዙ?» አለ። «እንዴት ይረሳል። ሰውየው ‹እኔና ሾፌሩ እናወርዳለን› አለን። አያት ውስጥ ማንም ራሱ አያወርድም አልነው። ተጣላን። ደግሞ ሲጣላም በሹክሹክታ ነው፤ እኛ ስንጮህ ‹እባካችሁ ሰው እንዳይነቃ› ይላል። እንዲህ ዓይነት ሰው አይተን አናውቅም።»

«ከፈለ?»

«በመጨረሻ ከፈለ። ያውም የጠየቅነውን። ሶፋ በሶፋ ላይ፣ ቴሌቪዥን በቴሌቪዥን ላይ። ሰርግ አለ ወይ ስንለው ዝም። ከፍሪጁ ደግሞ የቀለጠ ቅቤ ፈስሶ የዚህን ልጅ ሹራብ አበላሽቶበታል። ቅቤውን ለይታችሁ ክፈሉ ብለነው ነበር።»

«የት አስገባችሁት?»

አለቃው በአገጩ ምድር ቤት ያለ የተዘጋ ሱቅ አመለከተ። የተከራየው በርናባስ ነበር።

ሱቁ ሲከፈት የጉራራ ሳሎኖች በሙሉ እላይ በላይ ተቆልለው ተገኙ። ሰላማዊት በዚያ ሁሉ መካከል ቆማ ሳቀች፤ ሠረቀብርሃን ግን ንዴቱ ገና አሁን እየመጣ ነበር። ነገሩ ግልጽ ሆነለት። በርናባስ ለየቤቱ ቀኑን በሹክሹክታ ነግሯል፤ ዕቃችሁን እድር ዕቃ ቤት አስገቡት ብሎም መክሯል። በተሰረቀ ስልክ ደውሎ ዘበኛውን ከቦታው ለማንሳት ሞት አስፈለገው፤ ከመታወቂያ ቅጂዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ የአንዲት ሴት ስም መርጦ ገደላቸው። ያንን ስም ሰፈሩ እንደማያውቀው ግን መታወቂያው አልነገረውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጩኸት የማያሰማ ሰው መርጦ ሰርቋል።

በርናባስ ተይዞ ሲቀርብ ፈገግታው አብሮት ነበር። ያገለገለ ዕቃ እነግዳለሁ፣ ከመንገድ ገዛሁት አለ።

«የተሰረቀ ዕቃ ነው ትላላችሁ» አለ። «እሺ። አንድ ባለቤት አምጡልኝ።»

ኮማንደሩም ያንኑ አሉ። ከሳሽ ከሌለ ስርቆት የለም፤ ባለቤት ካልመጣ በርናባስን ልቀቀው። ስለ ጅሬኛ ሲጠየቁ ደግሞ ከቦታው ጠፍቶ የተገኘው ዘበኛ እሱ ነው፤ ታስሮ ይቆይ አሉ። ሠረቀብርሃን ከኮማንደሩ ቢሮ ወጥቶ የኮሪደሩን ግድግዳ ግንባሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተደገፈው።

*

ዕቃው በጣቢያው ግቢ ተደረደረ። ሰላማዊት በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም የኤግዚቢት ቁጥር ጻፈች። ሠረቀብርሃን ወደ ሰፈሩ ወጥቶ ዕቃው መገኘቱን ለእያንዳንዱ ቤት ነገረ። ሁሉም እንኳን ደስ ያላችሁ አሉት፤ የፖሊስን ሥራ አመሰገኑ። የኔ ነው ያለ ግን አንድም አልነበረም።

የሺመቤትን ገበያዋ ላይ አገኛት። የምትለው እንደሌላት ነገረችው። እሱም መለመን ሰልችቶት ነበርና አልለመናትም።

«ነገ ዓርብ ነው» አላት። «ለሊሴ የምትባል ልጅ አለች። ቤቷ ውስጥ የምትደብቀው ነገር የሌላት እሷ ብቻ ናት። የእርስዎን ፍሪጅ አልናገርም ብለው አባቷ ታስረዋል። ነገ ስሟ ይሰረዛል። ፍሪጁ ግቢያችን ውስጥ ነው፤ ካልፈለጉት ፖሊሶቹ ውኃ ያቀዘቅዙበታል።»

ቅቤ የሚገዛ ሰው ስለመጣ መልሷን ሳይሰማ ሄደ።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ ተረኛው ፖሊስ ጠራው። የሺመቤት ግቢው ውስጥ ፍሪጁ አጠገብ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። ልጇ ቢንያም አጠገቧ ነው።

«የኔ ነው» አለች። «ቀኑን የነገረን በርናባስ ነው። ዕቃ ቤቱንም እሱ ነው ያሳየን። የት ልፈርም?»

«የልጅዎ ጉዳይስ?»

የመለሰው ቢንያም ነው። «የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኛል። በወጪ መጋራት እሄዳለሁ፤ ተመርቄ እከፍላለሁ። ጋሽ ጅሬኛን አውጡልን።»

እየፈረመች ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። አቶ ከበበ ናቸው። ጋቢያቸውን ዛሬ ከአፋቸው ላይ አውርደዋል። ወደ አንድ ትልቅ ቡናማ ሶፋ ሄደው እንደጠፋ በሬ ጀርባውን ዳበሱት። ከኋላቸው ሌሎቹም ተከትለው ገቡ።

ጅሬኛ ከመፈታታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። የአደራው ባለቤቶች ራሳቸው ተናገሩ ወይ አሉ። አዎ ሲባሉ ጥሩምባቸውን አንሥተው ወጡ።

*

ሠረቀብርሃን በዚያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ወጣ፤ የዕቃ መረከቢያ ላይ ያልፈረሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጅሬኛ ቤት ነው ተባለ። ለወይዘሮ ጵርስቅላ ሁሉንም በስልክ ነግሯታል። እሷም ፍሪጅ የሚለውን መመዘኛ ያወጣችው እሷ ራሷ መሆኗን ተናግራ፣ ኮሚቴው እንደገና ያየዋል ብላ ነበር። ስለ ለሊሴ ግን ቤቷን ሳላይ አልወስንም አለች።

ጎጆዋ በባሕር ዛፎቹ መካከል ናት። ሠረቀብርሃን ገብቶ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

ሰፈሩ ጅሬኛን እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ሊል መጥቷል፤ ለእንግዳው መቀመጫ እንዳያንስ ደግሞ ሁሉም ከቤቱ የሚችለውን ተሸክሞ መጥቷል። የአቶ ከበበ ቡናማ ሶፋ የጎጆዋን ግማሽ ይዟል። ጅሬኛ መካከሉ ላይ፣ ሊወድቁ እንደፈሩ ሰው፣ ጥሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጥጉ ላይ አንድ ሰፊ ቴሌቪዥን ጀሪካን ላይ ቆሟል፤ የይቅርታ ስጦታ ነው አሉት። ሦስት ዓይነት ወንበር፣ የመስታወት ጠረጴዛ፣ ምንጣፍ ሳይቀር አለ።

«ምን ማድረጋችሁ ነው?» አለ ሠረቀብርሃን። «በእግዚአብሔር፣ ዕቃ የሚመጣው ዛሬ ነው እንዴ?»

ነገሩ ሳይገባቸው ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። ወይዘሮ ጵርስቅላ ነበረች። በዚህ ጊዜ ጉብኝቱ እውነትም ድንገተኛ ነበር።

ጎንበስ ብላ ገባችና ቀና አለች። ዓይኗ ከሶፋው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ ምንጣፉ ሄደ። ለሊሴ ጥግ ላይ ትሪ እንደያዘች ቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይህ ሶፋ የማን ነው?» አለች ጵርስቅላ።

የሰፈሩ ሰው ከልማዱ የተነሣ መሬት መሬቱን አየ። ሠረቀብርሃን የእያንዳንዱን ግንባር እያየ፣ አሁንም ዝም ካላችሁ ሁላችሁንም አስራችኋለሁ የሚል ሐሳብ እውነትም መጣበት።

አቶ ከበበ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ተነሡ።

«የኔ ነው፣ እመቤት» አሉ።

«ቴሌቪዥኑ የኔ ነው» አለች ሥዕል አንጠልጥላ የነበረችው ሴትዮ።

«ጠረጴዛው የኔ ነው።» «ምንጣፉ የእኛ ነው።» «ወንበሮቹን እኛ ነን ያመጣናቸው።» ሁሉም በአንድ ላይ፣ አንዱ ካንዱ እየቀደመ፣ ይናገር ጀመር። የሺመቤት ደግሞ ፍሪጅም አለኝ፣ እዚህ ያልመጣው ዳገቱ አስቸግሮ ነው አለች።

ሠረቀብርሃን ሶፋውን በአንድ እጁ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ ቀዩን የኤግዚቢት ቁጥር አሳያት። ከዚያም የቴሌቪዥኑን ገመድ ከጀሪካኑ ጀርባ መዝዞ ጫፉን ይዞ አነሣው። የሚሰካበት አልነበረም። በጎጆዋ ውስጥ መብራት ገብቶ አያውቅም።

ጵርስቅላ ገመዱን አየች። ጣሪያውን አየች፤ በቆርቆሮው ሽንቁር የሰማይ ብርሃን ይገባል። ለሊሴን ጠጋ ብላ ትምህርቱ መቼ እንደሚጀመር ታውቂያለሽ አለቻት። ለሊሴ ትሪውን የምታስቀምጥበት አጥታ ለአባቷ ሰጠቻቸው።

«ይቀመጡ እንጂ» አሉ ጅሬኛ ለሥራ አስኪያጇ፣ ሶፋውን በጥሩምባቸው እያመለከቱ። «የሰው ነው፤ ግን ይመቻል።»

ሠረቀብርሃን ፊርማዎቹን ሰብስቦ ወጣ። በባሕር ዛፎቹ መካከል ሲወርድ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ነበረች። እህቷ የሚጭን መኪና እንዳገኘች፣ ደጅ እንደቆመ፣ ምን ላድርግ እንደምትል በአንድ ትንፋሽ ነገረችው።

«ሶፋው» አላት፣ «ካለበት ንቅንቅ እንዳይል።»